የሐያት አባት ያሉት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መሳለሚያ ከታክሲ ወርጄ ትምህርት ቤቱን ስፈልግ ረፈደብኝ። ከኋላዬ ተሸካሚዎች «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ሲመጡ ለእኔ አልመሰለኝም ነበር። አንዱ የተሸከመው ጣቃ ትከሻዬን ገጭቶኝ ቦርሳዬ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ርዕሰ መምህሩ ፊት የቆምኩት ጭቃ የሚያንጠባጥብ ቦርሳ ይዤ ነው። ሰውየው ቦርሳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ እንግሊዝኛ ዲፓርትመንት መሩኝ።

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጠመኔ፣ ዳስተርና የስም መጥሪያ ሰጠኝ። «የመርካቶ ልጅ እንግሊዝኛ አይፈራም፤ ፈረንጅ ካየ እንደምንም ተነጋግሮ ይሸጥለታል» አለኝ። «ሰዋስው ሲባል ግን እንቅልፉ ይመጣል። የዛሬው ርዕስ ፓሲቭ ቮይስ ነው። በርቺ።»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ድንጉጥ ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ የማይ፣ ወጥ ላይ ጨው ጨመርኩ አልጨመርኩ ብዬ የምጨነቅ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው የመርካቶ ልጅ በሞላበት ክፍል ፊት ሲቆም ምን እንደሚሰማው ቢጤዬ ያውቀዋል።

ሰሌዳው ላይ «ሰላሙ መስኮቱን ሰበረ» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። መስኮቱን ወደ ፊት አመጣሁ፣ ግሡን ቀየርኩ፣ ሰላሙን ወደ መጨረሻ ወሰድኩት። «አድራጊው ካልተፈለገ ማስቀረትም ይቻላል» ብዬ ሰላሙን በዳስተር አጠፋሁት። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ማን እንደሰበረው እያወቅን ለምን እንደብቀዋለን?» ሌላው ቀበል አድርጎ «ጎረቤቱ ነዋ! ነገ ፊቱን ማየት የለበትም እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ክፍሉ ከእጄ ወጣ ብዬ ጠመኔውን ስጨብጠው ተሰበረ።

በእነዚያ ዓመታት መጽሐፉ ላይ ያሉት ምሳሌዎች ሁሉ ስለ ጆን ነበሩ። ጆን ለሜሪ «ነገ ለንደን እሄዳለሁ» ይላታል፤ እኛ ደግሞ ጆን በማግስቱ ለንደን እንደሚሄድ ለሜሪ ነገራት ብለን እንቀይራለን። ሪፖርትድ ስፒች ይባላል፤ የሌላውን ሰው ቃል በራስ አፍ ማድረስ ማለት ነው። የግሡ ጊዜ ይቀየራል፣ «እኔ» ያለው «እሱ» ይሆናል፣ «ነገ» እና «እዚህ» የሚሉት ቃላትም ቦታቸውን ይለቃሉ። ልጆቹ ሕጉን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ፈተና ላይ ግን ይጠፋባቸዋል። ጆን ለንደን ሄደ ቀረ ምን ገዷቸው!

አንድ ቀን ጆንን ትቼ ደላላ አመጣሁ። ሻጭ ወዲህ፣ ገዢ ወዲያ ቆመው ደላላው በመሃል ይመላለሳል። «ሻጩ ምን አለ?» ብዬ ስጠይቅ ያንቀላፋው ሁሉ እጁን አወጣ። ከዚያ ወዲህ የየሐሙሱ የቤት ሥራዬ «የገበያ ቃል» የሚባል ሆነ። እያንዳንዱ ተማሪ በመንገዱ የሰማውን አንድ ንግግር ይዞ ይመጣል፣ ወደ ሪፖርትድ ስፒች ይቀይረዋል፣ ጥሩ የሆነው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የታክሲ ረዳት ስድብ ሳይቀር መጥቶልኛል፤ ጨዋ አድርጎ መተርጎሙ ነበር ችግሩ። ከክፍለ ከተማ የመጣ ሱፐርቫይዘር ዘዴውን አይቶ ወደደው። እኔም ብዙ ዓመት ሠራሁበት።

ሐያት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ነው የእኔ ተማሪ የሆነችው። አባቷ ሐጂ ኑሪ መርካቶ ውስጥ በርበሬ በረንዳ ዛላ በርበሬ በጅምላ የሚሸጡ የታወቁ ነጋዴ ናቸው። የእሷን ደብተር ሳላስነጥስ አርሜ አላውቅም። ዝምተኛ ናት፤ ስትሳሳት ግን በራሷ ላይ ትናደዳለች፣ ላጲስ አንስታ ወረቀቱ እስኪሳሳ ትፈትገዋለች። ፋርማሲ መማር ትፈልግ ነበር።

የመልቀቂያ ፈተናው በዚያን ጊዜ ተማሪዎችን በአውቶቡስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወስዶ፣ እዚያው እያሳደረ የሚሰጥ ሆኖ ነበር። ሐጂ ኑሪ «ሴት ልጄ ከቤቴ ውጭ አታድርም» ብለው ከርመው፣ እናትየዋ በስንት ልመና እሺ እንዳሰኘቻቸው ሐያት ነግራኛለች። ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር።

አንድ ሐሙስ የገበያ ቃል ተራ እሷ ላይ ደረሰ። ሐያት ከትምህርት ቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ነው የምትሄደው፤ መንገድ ላይ ቆማ የሰው ንግግር የምታደምጥበት ፋታ የላትም። ያላት ቃል የሱቃቸው ቃል ብቻ ነው። ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የሰማሁት ዓረፍተ ነገሯን ነው፦ አባቷ የበርበሬውን ቀለም መለየት እንዳቃተው ለእናቷ ነገራት።

በእንግሊዝኛ አንድም እንከን የለውም። ግሡ ወደ ኋላ ሄዷል፣ «እኔ» ወደ «እሱ» ተቀይሯል። ደስ አለኝ። «ጎበዝ! ውጪና ጻፊው» አልኳት። አመነታች። «ምን ያሳፍራል? የተሟላ ነው እኮ» ብዬ ጠመኔውን እጇ ላይ አደረግሁ። ስትጽፍ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ለትምህርቱ የተሰጠ ትኩረት አድርጌ ወሰድኩት፤ ሁሉም ደብተሩ ላይ እንዲገለብጠውም አዘዝኩ።

ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር። ማክሰኞም አልመጣችም። አሞኝ ነው ብላ የላከችው መልእክት የለም። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ።

ረቡዕ ጋሼ ፈርዳ መምህራን ክፍል መጡ። ጋሼ ፈርዳ በርበሬ በረንዳ ጆንያና ሲባጎ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስትም፣ በድንበር የተካሰሰ ባለሱቅም የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድነው ያስተማርሽው?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«ሪፖርትድ ስፒች።»

«እሱን አላውቅም። በርበሬ በረንዳ የደረሰው ‹ሐጂ ኑሪ ታወረ› የሚለው ነው።»

ጋሼ ፈርዳ ተቀምጠው አስረዱኝ። ዛላ በርበሬ በዓይን ነው የሚገዛው። ጆንያው ይፈታል፣ ከመሃል አንድ እፍኝ ይወጣል፣ ቀዩ ከነጣው በዓይን ይለያል። ከገጠር የሚያመጣውም፣ ከከተማ የሚገዛውም የሐጂ ኑሪን ዓይን አምኖ ነው የኖረው። ሐጂ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ለማንም ትንፍሽ አላሉም። አሁን ግን የክፍሌ ልጆች ደብተር የየሱቁን ደጅ አዳርሶታል። ቅዳሜ ዕለት አንድ አቅራቢ የነጣ ዛላ ይዞ መጥቶ «ሐጂ፣ ይህቺን እንዴት ያዩዋታል?» ብሎ ሰው ፊት ፈተናቸው። ሐጂ «ጥሩ ቀይ ነው» አሉ። የሳቀ ነበረ፣ ያዘነም ነበረ። ሐጂ ሱቃቸውን በቀትር ዘግተው ወጡ።

«ልጅቷስ?» አልኩ።

«ቤት ናት። ‹ትምህርት ይብቃት› ብሏል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ይደረጋል?»

በዚያው ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። የመፈተኛ ካርዶች መጥተዋል። ተማሪው ራሱ መጥቶ ካልፈረመ እስከ ዓርብ ጠብቆ እንደሚመልሳቸው ነገረኝ። ለሐያት ፈርሜ ልውሰድላት ብዬ ለመንኩት። «እርስዎ ይፈተኑላታል?» አለኝ።

ከሥራ ስወጣ ቀጥታ በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። ሐጂ ኑሪ ሱቃቸው ደጃፍ ጆንያ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነሡ፣ ወንበር አስመጡ፣ ሻይ አዘዙልኝ። «ሐያት ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ቤተሰብ ደህና ነው? እርስዎስ?» ስለ ትምህርት ስጀምር «ሻዩ ይቀዘቅዛል» ይሉኛል። ስለ ፈተናው ስጀምር «ስኳር ይጨመር?» ይሉኛል። ሻዩን ጠጥቼ፣ አንዲት ቃል ሳላገኝ ተመርቄ ተሸኘሁ። ከዚያ አክብሮት ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ፈርዳ ይህንን ሲሰሙ ተቆጡኝ። «የተቀየመ ሰው ጋ ፊት ለፊት ይኬዳል? ሰው ይላካል እንጂ! ነገ ከሰዓት ሱቄ ነይ። እሱንም አመጣዋለሁ። እኔ ሳልልሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ሐሙስ ዕለት ዘዴውን ከጀመርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የገበያ ቃል አልተሰበሰበም። ከሰዓት ጋሼ ፈርዳ እኔን ከሱቃቸው የፊት ክፍል በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ሐጂ ኑሪ ከኋላ ጆንያ መጋዘኑ ውስጥ ነበሩ። በመሃላችን ያለው የችፑድ ግድግዳ ነው፤ ትንፋሽ ያሳልፋል።

ጋሼ ፈርዳ ወደ ኋላ ገቡ። ወዲያው የሐጂ ድምፅ መጣ። «ምን ልትል መጣች? ቤቴን ሰሌዳ ላይ አስጻፈችው እኮ! ልጄን ወሬ አቀባይ አደረገችብኝ! ይሄ ነው ትምህርት?» ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

ጋሼ ፈርዳ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። ፊታቸው የሰርግ ቤት ፊት ነው። «ሐጂ ሰላም ብለውሻል» አሉኝ። «ድካምሽን ያውቃሉ። ትንሽ ቅር አላቸው እንጂ ክፉ አላሰቡብሽም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እየሰማሁ ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

«የሰማሽውን ተዪው። የምትይዢው እኔ ያመጣሁልሽን ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ሲባል አልሰማሽም?»

ጭንቀቱ ወደ ንዴት ተለወጠብኝ። «እንግዲያው ይንገሩልኝ» አልኩ። «ጎበዝ ተማሪ ከፈተና ማስቀረት ግፍ ነው። የጻፈችው እኔ ስላዘዝኳት ነው፤ እኔን ይቅጡ። ካርዱ ደግሞ ነገ ይመለሳል።»

ገቡ። «ሐጂ፣ መምህሯ እያለቀሰች ነው» ሲሉ ሰማሁ። አላለቀስኩም። «እግራቸው ላይ ልውደቅ እያለች ነው፣ በግድ ነው የያዝኳት።» አላልኩም። ተማሪ እንዲህ ያለ ሪፖርትድ ስፒች ቢያመጣልኝ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ከነክቡ አደርግለት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ግን የሐጂ ድምፅ ዝቅ አለ።

እንዲህ እያሉ ተመላለሱ። ሐጂ «ለሚመጣው ዓመት ትፈተን፣ ምን ያስቸኩላታል!» ሲሉ፣ ለእኔ «ነገሩን እያሰቡበት ነው» ሆኖ ደረሰኝ። እኔ «የሚመጣውን ዓመት ማን ያውቃል?» ስል፣ ለሐጂ «እርስዎ ያሉት ይሆናል ትላለች» ሆኖ ገባ። ስንት ዓመት ሙሉ ግሥ ወደ ኋላ ስመልስ ኖሬ፣ እዚህ ሽማግሌው የሰው ቁጣ ወደ ኋላ ሲመልሱ እያየሁ ነበር። ቢሆንም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ውጭ እየመሸ ነው፣ ባለሱቆች መዝጊያ እየሳቡ ነው፣ ነገ ዓርብ ነው።

ከዚያ ሐጂ በጣም ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ፈርዳ፣ ዛላውን የምታይልኝ እሷ ናት። ከኋላዬ ቆማ ቀዩን ቀይ፣ የነጣውን ነጣ ትለኛለች፣ በጆሮዬ። ቅዳሜ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፣ ከኋላዬ አልነበረችም፤ ሰዎቹም ያን ጊዜ ነው የያዙኝ። አሁን ፈተና ትሄዳለች። ካለፈች ለዓመታት ትሄዳለች። እሷ ከሄደች ማን ያይልኛል?»

ጋሼ ፈርዳ ቶሎ አልወጡም። ሲወጡ ያ የሰርግ ቤት ፊት የለም። ግንባራቸውን በእጃቸው ጠርገው ቆሙ።

«ሐጂ ‹እሷ ከሄደች ማን ያይልኛል› ይላሉ» አሉኝ።

የጨመሩበት የለም፣ የቀነሱለትም የለም። አሁን በእውነት አለቀስኩ። ያን ሁሉ ቀን የጨነቀኝ የልጅቷ ፈተና፣ የእኔ ስም፣ የምክትሉ ካርድ ነበር። ሰውየው በጨለማ ቁጭ ብለው ምን እንደሚፈሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም።

ሥርዓቱ ጠፋብኝ። «ሐጂ! የእናቴም ዓይን ሞራ ነበረው፣ ተገፍፎላት ዳዊት ትደግማለች!» ብዬ በችፑዱ ላይ ጮህኩ።

«ቀጥታ ትናገራለች እንዴ!» አሉ ጋሼ ፈርዳ ደንግጠው።

ከወዲያ ሐጂ መለሱልኝ። «ሐኪም ቤት በር ላይ ሰው ቢያየኝስ? ከቤቴ ሰው በቀር ለማን ነገርኩ?»

«ከእንግዲህ ማን እንዳይሰማ ነው? በርበሬ በረንዳ ሁሉ ሰምቷል እኮ!» አልኩ። ቃሉ ካመለጠኝ በኋላ አፌን በእጄ ያዝኩ። አበቃ፣ አበላሸሁት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሐጂ ሳቁ። አጭር ሳቅ ናት፣ ግን ሳቅ ናት። «እውነቷን ነው» አሉ። «ፈርዳ፣ ይህቺን ሴት መላክ እንጂ ለእሷ ሰው መላክ አያስፈልግም።» ጋሼ ፈርዳ ጊዜ ሳይሰጡ «እስከዚያው ዛላውን እኔ አይልሃለሁ» አሉ። «አንተ ከጆንያ በቀር ምን አይተህ ታውቃለህ?» አሏቸው ሐጂ። ተነጋግረው ተነጋግረው፣ ሐያት እንድትፈተን፣ ሐጂ እስኪታከሙ ድረስም እናትየዋ ሱቅ እንድትቀመጥ ተስማሙ። ፋቲሃ ተደረገ፣ ጋሼ ፈርዳም በበኩላቸው አማተቡ፣ ወጣን።

ዓርብ ጠዋት ሐያት መጥታ ለካርዷ ፈረመች። እኔን አላየችኝም። ኮሪደር ላይ ደርሼባት «ሐያት» አልኳት። «ቲቸር፣ ከእንግዲህ የገበያ ቃል አላመጣም» አለችኝ። «አታመጪም» አልኳት። ቅያሜዋ ተገቢ ነበር።

እንደ እኔ ጭንቀታም አንባቢ ካለ ውጤቷን አስቀድሜ ልንገረው። የመጀመሪያው ፈተና ትንሽ ጎደላት፤ ሪሜዲያል ገብታ ካሳች። ፋርማሲ አልደረሳትም፣ ሌላ ትምህርት ይዛ ቀጠለች። የሐጂ ሞራ በክረምቱ ተገፈፈ። የነጣ ዛላ ያመጣባቸው ሰው ግን ያን ዓመት ሱቃቸው ድርሽ አላለም።

ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ግን ተማሪዎቹን የሚወስዱት አውቶቡሶች ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብተው ቆሙ። ግቢው በወላጅ ሞልቷል። ሐጂ ኑሪ የጋሼ ፈርዳን ክንድ ይዘው መጡ። ጋሼ ፈርዳ ከአንድ ወላጅ ጋር ሲነጋገሩ ሐጂ ብቻቸውን ቀሩ፤ ድምፄን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ቲቸር፣ የትኛው ላይ ናት?»

«ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ። መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች።»

ሐጂ ወደ መጀመሪያው አውቶቡስ ነበር የሚያዩት። ትከሻቸውን ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኳቸው።

«ምን እያደረገች ነው?»

ሐያት ጭንቅላቷን ቦርሳዋ ውስጥ ቀብራ ካርዷን ትፈልግ ነበር። እንዳልጣለችው ለማረጋገጥ አሥር ጊዜ የምታይ ልጅ ናት፤ በዚህ እኔን ትመስላለች። ቀና አላለችም።

«ወደ እርስዎ እያየች ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው። «እጇን እያውለበለበችልዎ ነው።»

ሐጂ እጃቸውን አነሡ። አውቶቡሱ ከግቢው እስኪወጣ፣ ከወጣም በኋላ፣ አላወረዱትም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የገበያ ቃልን ለተተኩት መምህራን አስረክቤያለሁ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ተጠቀሙበት። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ተማሪ የሰው ቃል ይዞ ሲመጣ፣ ሰዋስዉን ከማረማችሁ በፊት ቃሉን የተናገረው ማን እንደሆነ ጠይቁት፤ ከቤቱ ያመጣው ከሆነ ሰሌዳ ላይ አታስጽፉት።